137 ከ138፦ መራጩ ከዳ ወይስ ተከዳ?

ስለ አገራችን ምርጫ በተነጋገርን ቁጥር ከአፋችን የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ «ሕዝቡ» የሚል። ስናሸንፍ «ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» እንላለን። ስንሸነፍ «ሕዝቡ ፈራ»፣ ባስ ሲልም «ሕዝቡ ተገዛ» እንላለን። ይህ ሕዝብ የምንለው መራጭ ምን አይቶ፣ ምን መዝኖ ድምፁን ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው እንደሚያዞር ቁጭ ብለን የመረመርንበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ለማድረግ እሞክራለሁ። ትችቴ በቅድሚያ የሚያርፈው በገዥዎቻችን ላይ ቢሆንም እዚያ ላይ አያበቃም። እኔን ጨምሮ በውጭ አገር በምንኖረው የተማርን ነን ባዮች ላይም ያርፋል። (ዓመታቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በሁለት ቁጥሮች ልጀምር። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም በተካሄደው ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ለኢሕአዴግ የተረፈችው አንዲት መቀመጫ ብቻ ነበረች። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ደግሞ በዚያው ከተማ፣ ለዚያው ምክር ቤት፣ ኢሕአዴግ ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። ከተማው ያው፣ ምክር ቤቱም ያው ነው። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቁጥሩ ፊትና ኋላው ተገለበጠ።

ለመሆኑ የአዲስ አበባ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ልቡን እንዲህ ለወጠ?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። የመጀመሪያው የኢሕአዴግ ነው። «ሕዝቡ በ97 ቀጥቶን ነበር፤ ስህተታችንን አርመን፣ ልማቱን አይቶ ተመለሰልን» ይል ነበር። ይህን መልስ ያፈረሰው ተቃዋሚ አይደለም፤ ጊዜ ነው። በ2002 ዓ.ም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ። በግንቦት 2007 ዓ.ም ሙሉውን 547 ጠቀለሉት። ስድስት ወር ሳይቆይ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም፣ በጊንጪ የተቀጣጠለው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ። በዚያው ዓመት ክረምት ጎንደርና ባሕር ዳር ተከተሉ። በየካቲት 2010 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። መቶ በመቶ የተመረጠ ድርጅት በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ከተናጋ፣ ያ መቶ በመቶ የታማኝነት ልኬት አልነበረም ማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ የእኛ ነው፤ ፍርሃትና ማጭበርበር። ይህኛው ለእውነት የቀረበ ነው፤ ማስረጃም አለው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም በተወሰደው እርምጃ 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት ይፋ አድርገዋል። የቅንጅት መሪዎች ታስረው እስከ ሐምሌ 1999 ዓ.ም ቆይተዋል። ኢሕአዴግም በ97 የደረሰበትን አልረሳም። በዚያ ምርጫ ዋዜማ 760 ሺህ ገደማ የነበረው የአባላቱ ቁጥር በ2000 ዓ.ም ከአራት ሚሊዮን በላይ ደረሰ። የቀበሌ ምክር ቤቶች እስከ 300 ወንበር እንዲኖራቸው ተደረገ። በዚያ ዓመት ምርጫ ከቀረቡት 3 ነጥብ 6 ሚሊዮን ገደማ የአካባቢ መቀመጫዎች ውስጥ ተቃዋሚዎች ያገኙት ሦስት ብቻ ነበር። ሥራ ፈላጊው ወጣት፣ ማዳበሪያ የሚጠብቀው ገበሬ፣ ብድር የሚሻው ነጋዴ የፓርቲ አባልነትን እንደ መታወቂያ ይዞት መዞር ጀመረ። «ጎመን በጤና» ማለት የመጣው ከዚህ ነው። ድምፁ ከቅንጅት ወደ ኢሕአዴግ ሲዞር የታማኝነት ዝውውር አልነበረም፤ የቤተሰብ ማዳኛ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ብዙዎቻችሁ ከእኔ ጋር እንደምትስማሙ እገምታለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ላያስደስት ይችላል።

ፍርሃት ብቻውን 137 ከ138 አይሠራም። መራጩ በሚያዝያ 2000 ወደ ምርጫ ጣቢያው ሲሄድ ምን ነበር የቀረበለት? ቅንጅት የሚለው ስም በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለሌላ ቡድን ተሰጥቶ ነበር። ከእስር የወጡት መሪዎች እርስ በርሳቸው ተለያይተው ነበር፤ ጥቂት ቆይተው ከፊሉ አንድነት ፓርቲን፣ ከፊሉ ግንቦት 7ን አቋቋሙ። ኅብረትም በመጨረሻው ሰዓት ከምርጫው ራሱን አገለለ። የአዲስ አበባ መራጭ ከአንዱ ወደ ሌላው አልተሻገረም፤ የሚሻገርበት ሌላ ወገን አጣ። መከፋፈላችንን ግን የትኛውም ቀበሌ አላዘዘንም።

ሌላም ያልተገነዘብነው ነገር ነበር። የምርጫ ሕጋችን በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ድምፅ ላገኘው ወንበሩን ሙሉ በሙሉ ይሰጣል። ሁለተኛ የወጣው የቱንም ያህል ድምፅ ቢያገኝ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ 137 ከ138 ማለት ከ138 ሰዎች 137ቱ መረጡን ማለት አይደለም። በ97ም ለኢሕአዴግ ድምፁን የሰጠ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነበረ፤ ሕጉ ከዓይናችን ሰወረው እንጂ። እኛ ግን የወንበሩን ቁጥር እንደ ሕዝብ ቆጠራ አነበብነው። ሚያዝያ 30 ቀን 1997 በመስቀል አደባባይ የወጣውን የሰው ጎርፍ በፎቶግራፍ ያየን ሁሉ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ የቅንጅትን ፕሮግራም አንብቦ ለዘለዓለም የፈረመ መሰለን። አብዛኛው ሰው የወጣው ኢሕአዴግ በቃህ ሊለው ነበር። በቃህ ማለትና አንተን ሾሜሃለሁ ማለት ይለያያሉ። የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚለወጠው የተመረጠው ሲሠራ ሲታይ ብቻ ነው።

የምተቸው ዋና ነገር ይህ ነው። በአገራችን መራጩ አንድም ጊዜ ራሱ የሾመውን ተቃዋሚ በሥራ ላይ አይቶ፣ «ጎበዝ» ወይም «ሂድልኝ» ብሎ ለመፍረድ ዕድል አላገኘም። የመራጭ ታማኝነት የሚገነባውም ሆነ የሚፈርሰው በሁለተኛው ምርጫ ነው። ሁለተኛው ምርጫ ደግሞ ትርጉም የሚኖረው በመጀመሪያው የተመረጠው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲገኝ ነው።

አዲስ አበባ ይህን ለማየት ከማንም በላይ ቀርባ ነበር። ኢሕአዴግ በከተማዋ መሸነፉን አምኖ ነበር። ቅንጅት ለከንቲባነት ዶክተር ብርሃኑ ነጋን መርጦ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ክርክር ይታወሳል፤ ፓርላማና ምክር ቤት እንግባ ወይስ አንግባ? በዚያን ጊዜ በስልክ ጉባኤውም በፓልቶክ ክፍሉም «አትግቡ፤ ከገባችሁ የሕዝቡን ደም ሸጣችሁ» ካሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ስናገር ጭብጨባ ነበር። ከተናገርኩ በኋላም በሰላም እቤቴ ገብቼ ተኝቻለሁ። አዲስ አበባ ግን በግንቦት 1998 ዓ.ም መንግሥት የሾመው የባለአደራ አስተዳደር ተረከባት። ነዋሪዋ የመረጠው ምክር ቤት አንድም ቀን ሳይሠራ፣ ሁለት ዓመት ባልመረጠው ተዳደረ።

«ቢገቡስ ምን ሊሠሩ ኖሯል?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም ስለው ኖሬያለሁ። እርግጥ ነው፣ ተሰናባቹ ፓርላማ ከምርጫው በኋላ ደንቡን ለውጦ አጀንዳ ማስያዝን ከግማሽ በላይ ወንበር ላለው ወገን ብቻ አድርጎት ነበር። የከተማዋም ሥልጣን ተሸራርፎ ነበር። ቅንጅት ከተማዋን ቢረከብ እጁ ታስሮ፣ በጀቱ ተይዞ ሊሆን ይችል ነበር። ቢሆንም የመርካቶ ነጋዴና የኮልፌ እናት እጁን ማን እንዳሰረው በዓይናቸው ያዩ ነበር። ቆሻሻ ሳይነሳ ቢቀር፣ ውሃ ቢጠፋ፣ የመሬት ሙስና ቢቀጥል፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በ2000 ዓ.ም ይፈርዱ ነበር። ምናልባት ቅንጅትን ይቀጡት፣ ምናልባትም ያጠናክሩት ነበር። ያም ሆነ ይህ ፍርዱ የእነርሱ በሆነ። እኛ ፍርዱን ከእጃቸው ነጥቀን ለታሪክ አሳደርነው።

ለሟቾቹና ለታሰሩት ተጠያቂው የተኮሰውና ያሰረው መንግሥት ነው። ይህንን ማድበስበስ አልፈልግም። የገዥው ጥፋት ግን የእኛን ጥፋት አይሰርዝም። በዚያው ጊዜ ዶክተር በየነ ጴጥሮስና ዶክተር መረራ ጉዲና ብዙ እየተሰደቡ ፓርላማ ገብተዋል። ከቅንጅት የተመረጡትም ብዙዎቹ ኋላ ገብተዋል። እኛ «ከዳተኛ» ያልናቸው ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትሩን ፊት ለፊት ሲሞግቱ የአገሩ ሰው በቴሌቪዥን አይቷል። የመራጭ ታማኝነት የከተማ ምሁር ብቻ ነው ለሚለውም የሀዲያ ገበሬ መልስ አለው። አዲስ አበባ ድምጿን ከማዞሯ አምስት ዓመት በፊት፣ በ1992 ዓ.ም፣ ሀዲያ የዶክተር በየነን ፓርቲ መርጦ ፓርላማ ልኳል። ያንን ያደረገው ያለ ፓልቶክና ያለ እኛ ምክር ነው።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ 2013 ዓ.ም ልውሰደው። የሰኔ 2013 ምርጫ በምርጫ ቦርድ ሰብሳቢነት የተመራው በወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበር፤ በ97 የቅንጅት ምክትል ሊቀ መንበር፣ ኋላም እስረኛ የነበሩት። ብልጽግና በመጀመሪያው ዙር ከ436 መቀመጫዎች 410 አገኘ። አብን በአማራ ክልል አምስት፣ ኢዜማ አራት፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ሁለት አሸነፉ። በቁጥር ጥቂት ናቸው። ነገር ግን በጌዴኦም በአማራም አንዳንድ መራጮች ገዥውን ፓርቲ ጥለው ሌላ እንደሚመርጡ አሳይተዋል።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በመስከረም 2014 ዓ.ም የካቢኔ ሹመት ሲወጣ የአብን ሊቀ መንበር ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆኑ። በምርጫው ወንበር ያላገኙት የኢዜማው መሪ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ደግሞ የትምህርት ሚኒስትር። የዛሬ ከንቲባነቱን ያልተረከቡት ሰው፣ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በተሸነፉበት ምርጫ ማግሥት በአሸናፊው ካቢኔ ገቡ። ሹመቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ አገር በጋራ መምራት ክፋት የለውም። ጥያቄው የመራጩ ነው። ተቃዋሚ ይሁንልኝ ብሎ የላከው ፓርቲ መሪ ሚኒስትር ሲሆን ማን አማከረው? በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ተቀስቅሶ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ከዚያው ከአብን የተመረጡት የፓርላማ አባል አቶ ክርስቲያን ታደለ ታሰሩ። ለአንድ ፓርቲ ድምፁን የሰጠ መራጭ የፓርቲውን መሪ በካቢኔ፣ የፓርቲውን እንደራሴ በእስር ቤት አገኛቸው። ይህ መራጭ ሌላ ጊዜ ድምፁን ለማን ይስጥ? ድምፅ መስጠት ትርጉም የለውም ብሎ ጠመንጃ ወዳነሳው ቢያይስ፣ «ከዳ» ልንለው ነው?

በዚህም ላይ የ2007 ታሪክ ተደግሟል። ብልጽግና በአማራ ክልል አብዛኛውን መቀመጫ ባሸነፈ በሁለት ዓመቱ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ። ትልልቅ የምርጫ ድሎቻችን ሁሉ ከኋላቸው አመፅ ያስከተሉት፣ ሰው የሚለዋወጥ ልብ ስላለው አይደለም። ልቡ የተለወጠ ጊዜ የሚናገርበት ወንበር ስላልተተወለት ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይል የነበረው ትውልድ ቢያንስ ንጉሡን መርጬዋለሁ አላለም ነበር። የእኛው ትውልድ መርጦም መክሰስ አልቻለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መፍትሔ በኪሴ የለም። ሦስት ነገር ግን እላለሁ። አንደኛ፣ ያሸነፈ ፓርቲ ያሸነፈውን ይረከብ። አንድ ወረዳም ሆነ አንድ ከተማ፣ የቱንም ያህል የተሸራረፈ ቢሆን፣ ገብቶ ይሥራና ይታይ። ሁለተኛ፣ ቢያንስ ለከተማና ለክልል ምክር ቤቶች ወንበር በድምፅ መጠን የሚከፋፈልበት ሕግ ይታሰብበት። ሁለተኛ የወጣው ወገን ወንበር ካለው፣ አሸናፊው ራሱን ሕዝብ ነኝ ብሎ አያታልልም፤ ተሸናፊውም ጫካን እንደ ብቸኛ ምክር ቤት አያይም። ሦስተኛው የእኛ ነው። ድምፁ የእኛ አይደለም። አንድም ቀን ተሰልፈን ለዚያ ምክር ቤት ድምፅ አልሰጠንም፤ ውጤቱንም አንኖርበትም። ምክር መስጠት እንችላለን፤ «ግቡ» ወይም «አትግቡ» ብሎ ማዘዝ ግን የሚገባው ለመረጠው ሰው ብቻ ነው።

በ97 «አትግቡ» ስል ያጨበጨቡልኝ ወዳጆቼ ዛሬም አሉ። አንዳንዶቹ ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ «አንተም ከዳህ» ይሉኛል። ይበሉኝ። የአዲስ አበባ ሰው ግን ያኔም አልከዳም፤ በ2000ም አልከዳም። አደራውን በወረቀት አጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተ፤ የሚቀበለው አጣ። ከተማውን ሊያስረክቡት ያልፈለጉት ገዥዎች የሠሩትን ሠርተዋል። ከሩቅ ሆነን «አትቀበል» ያልነው እኛ ደግሞ ይህንን ጥፋታችንን እስከ ዛሬ አላመንንም። ከዚያ ልጀምር ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

ቸር ይግጠመን።