ምስክርነትና ፈቃድ፦ የአሊ ማው ማሊን ታሪክ ለወላጆች ሲነገር

ወላጆች በጤና ጥናት እንዲሳተፉ ለማድረግ የግል ታሪክን መንገር በጅግጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች ላሉ መምህራን የሚመከር ዘዴ ነው። ለዚህ የሚስማማው ምሳሌ ከጎረቤት ሶማሊያ የተገኘው የአሊ ማው ማሊን ታሪክ ነው፤ ይሁን እንጂ አነጋገሩ ሊመረመር ይገባል።

አሊ በመርካ ሆስፒታል ወጥ ቤት የሚሠራ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ፈንጣጣ የያዛቸውን ሁለት ሕፃናት ለጫነች መኪና መንገድ ሊያሳይ ተሳፈረ፤ ጉዞው አጭር ቢሆንም በሽታው ተጋባበት። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው እርሱ ሆነ። የሆስፒታል ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ያልተከተበው መርፌው ያማል ብሎ ስለ ፈራ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በልጅነት ልምሻ ዘመቻ ተሰማርቶ ክትባት ለሚጠሉ ወላጆች የነገራቸው ይህንኑ ፍርሃቱን ነው። በዚሁ ሥራ ላይ እንዳለ በሐምሌ 2005 ዓ.ም. በወባ ሞተ። በዚያው ክረምት ልምሻ ወደ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ተሻግሮ ነበር።

ታሪኩን «የዓለም የመጨረሻው» ብሎ መጀመር ኃይሉን ማዳከም ነው። ለቀብሪ በያህ እናት ይህ ማዕረግ ምንም አይደለም፤ የመርፌን ፍርሃት ግን ታውቀዋለች። ዘመኑንም መዝለል አይገባም፤ 1970 ለጅግጅጋ የጦርነት ዓመት ነበርና፣ ሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረቱን ሲሰሙ አስቀድሞ የሚታያቸው ሽሽቱ ነው። ቃላትም ቢሆኑ ጥንቃቄ ይሻሉ። ሶማልኛው ልምሻን የሚጠራው «ነፋስ» በሚል ትርጉም ባለው ቃል ስለሆነ፣ ከአማርኛ በቀጥታ የተመለሰ ጽሑፍ ከአድማጩ አይደርስም።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። አሊ የመሰከረው ጥቅሙ ተፈትኖ ስለ ታወቀ ክትባት ነው። ጥናት የሚካሄደው ደግሞ ገና ያልታወቀውን ለማወቅ ነው። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋር የሰውንና የከብትን ጤና በአንድነት ሲያጠና፣ ደም የሰጠ አርብቶ አደር በዚያው ዕለት የሚያገኘው መድኃኒት ላይኖር ይችላል። የአሊን ታሪክ ለዚህ ማዋል ያልተሰጠ ተስፋን በእንባ መሸጥ ይሆናል። ጉዳዩን የሚያከብደው ተናጋሪው መምህር መሆኑ ነው፤ የልጁን አስተማሪ ፊት ለፊት «አይሆንም» የሚል አባት ጥቂት ነው። በዝምታ የተገኘ እሺታም ፈቃድ ተብሎ ይመዘገባል።

ስለዚህ ታሪኩ በአንድ ቀን፣ የፈቃዱ ጥያቄ በሌላ ቀን ቢቀርብ ይሻላል፤ በመካከሉ ቤተሰቡና ሽማግሌዎቹ ይመክሩበታል። ፈቃዱንም መምህሩ ሳይሆን አጥኚው ራሱ ይጠይቅ። እምቢ ያለው ወላጅ ማንነት ወደ ትምህርት ቤቱ መዝገብ መግባት የለበትም።