የጋኑ ሹክሹክታ

ጆሮዎን ወደ ጠጅ ጋን ጠጋ ቢያደርጉ ጥንስሱ ሲንሾካሾክ ይሰማሉ። ብርዙን የምታፈላው በዓይን የማትታይ እርሾ ናት። 6 ካርቦን ያለውን ግሉኮስ ለሁለት ትሰነጥቀዋለች፤ ከዚህ ሁሉ ድካም የምታተርፈው 2 ኤቲፒ ብቻ ነው። ኤቲፒ የሕዋስ ዝርዝር ገንዘብ ነው፤ ስኳሩን በኦክስጅን ብታቃጥለው ከዚህ ብዙ እጥፍ ባተረፈች ነበር። አልኮሉንና አረፋውን ለእኛ ትተወዋለች። እ.ኤ.አ. በ1897 ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር እርሾን ፈጭቶ ጨመቀ፤ ሕዋስ የሌለበት ጭማቂም ስኳሩን አፈላው። ምስጢሩ ኢንዛይም የሚባለው የሕዋስ ሥራ አፋጣኝ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ፣ ዳገት ስወጣ የእኔም ጡንቻ ስኳሩን ያንኑ ስንጥቅ መሰንጠቁ ነው። ለካስ እኔና ጋኑ ባለ አንድ ሙያ ነን!