«ጠፋ» የሚለው ቃል ስለ ዲስክ ሲነገር

ስለ ኮምፒዩተር በአማርኛ ሲነገር «ጠፋ» የሚለውን ያህል ብዙ የተሸከመና ጥቂት የሚያስረዳ ቃል አላገኘንም። በዋግ ኽምራ፣ በሰቆጣ ከተማ፣ አንድ መምህር የኽምጣናን ቃላት ከሽማግሌዎች ለቅሞ በኮምፒዩተሩ መዝግቧል እንበል። ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱን ለመጫን ሲነሣ ተሳስቶ ዲስኩን በሙሉ ለአዲሱ ሥርዓት የሚያውለውን ምርጫ ይነካል። ባለሙያ የሚያገኘው በስልክ ነው፤ በስልክም የሚሻገረው ቃል ብቻ ነው። «ጠፋብኝ» ሲል የሰማው ሰው ምን ይምከረው?

በድርጊቱ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል። አንደኛው የክፋዮች ሠንጠረዥ መለወጥ ነው። በቀድሞው የኤምቢአር አሠራር ሠንጠረዡ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ 64 ባይት ብቻ ይይዛል፤ የሚመዘግበውም የአራት ክፋዮችን ወሰን ነው። እርሱ ቢለወጥ የተነቀለው የወሰን ድንጋይ እንጂ ማሳው አይደለም፤ ቴስትዲስክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የየክፋዩን መነሻ ፈልጎ ወሰኑን መልሶ ለመትከል የሚችለውም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው አዲሱ ሥርዓት በአሮጌው ይዘት ላይ መጻፉ ነው፤ የተጻፈበት ስፍራ አይመለስም፣ ያልተነካው ግን ሊተርፍ ይችላል። ሦስተኛው በኤስኤስዲ የሚደርሰው ነው፤ አዲሱ ክፋይ ሲሰናዳ «ትሪም» የተባለው ትእዛዝ ከተላለፈ፣ ምንም ሳይጻፍበት ስፍራው ባዶ ሊሆን ይችላል።

ለሦስቱም የብራና ጸሐፊዎቻችን ሥራ ቃል ያቀብለናል፤ ይኸውም ሰረዘ፣ ደርቦ ጻፈ፣ ፋቀ የሚለው ነው። የተሰረዘ ቃል መስመር ያለፈበት ነውና ከሥሩ ይነበባል፤ የተፋቀ ግን ከብራናው ተነሥቷል። ዛሬ «ሰረዘ» ቀጠሮንም፣ ውልንም፣ ፋይልንም እየጠቀለለ ይህን ልዩነት አደብዝዞታል። «ደመሰሰ»ን የሚመርጡም አሉ፤ በእኛ አስተያየት ቃሉ ለጦር ሜዳ እንጂ ለዚህ አይስማማም፣ ሦስቱንም አይለይምና። «ፋቀ» ጥርስን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ አይደንቀንም፤ ሆኖም መፋቂያውም ቢሆን ልጦ የሚያነሣ ነው።

ከሁሉ የከፋው «አጥፋ» ነው። ፋይልን ማስወገድም መብራትን ማጨለምም፣ ኮምፒዩተርን ከኃይል ማላቀቅም በዚሁ ግስ ይነገራሉ። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ተገቢው ምክር ተጨማሪ ነገር ሳይጻፍ መሣሪያውን ቶሎ ማቆም ነው፤ መካሪው በስልክ «አሁኑኑ አጥፋው!» ይላል፣ በሰቆጣ ያለው ሰው ደግሞ ገና በገጹ ላይ ከሚታየው ምርጫ ፊት ተቀምጧል። ስለዚህ ለመሣሪያው «ዝጋ»፣ ለመዝገቡ «ሰርዝ»፣ ለይዘቱ «ፋቅ» ተብሎ እንዲለይ እናሳስባለን። «መልሶ ማግኘት» የሚለውም ውጤቱን አስቀድሞ ስለሚሰጥ «ፍለጋ» ቢባል ይሻላል፤ ፍለጋውም ዲስኩ እንዳለ በሌላ ዲስክ ላይ ከተገለበጠ በኋላ በግልባጩ ላይ ይደረጋል።