«ፍቅር እስከ መቃብር» እና የእንጀራ ነገር

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነሣ ወሬያችን ሁሉ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ናቸው። መጽሐፉ ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ አንባቢ ሲያለቅስላቸው ኖሯል፤ እኛም አልቅሰናል። ነገር ግን መመረቂያው ሲቃረብ መጽሐፉን እንደገና የገለጠ ተማሪ ሌላ ጥያቄ ያገኝበታል፤ «ምን ሠርቼ ልኑር? ከማንስ ጋር?» የሚል። እኛ ከደጀን የመጣን የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ከፍቅሩ ነጥለን ለማየት ሞክረናል። አገሩ አገራችን ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ብዙም አይርቅም፤ ወደ አዲስ አበባ የሚያሻግረውን የዓባይ በረሃም እንወርደዋለን፥ እንወጣዋለን።

በመጀመሪያ የበዛብህን ነገር እንመልከት። መንገዱን የመረጠው እሱ አይደለም። ወላጆቹ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉ፤ እሱ ስለቱን ተሸክሞ ቅኔ ተማረ። ታዲያ ያ ሁሉ ትምህርት ገበያው የት ነው? ወይ ደብሩ፥ ወይ የመኳንንት ቤት። የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ለማስተማር ሲገባ እውቀቱ አላነሰም፤ ያነሰው በሩ ነው። እኛስ? በደርግ ዘመን ተመራቂውን መንግሥት ይመድበው ነበር። ዛሬ ምደባው መግቢያው ላይ ቀርቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል፤ ከፈተናው ማዶ ግን እንደ ዱሮው የሚመድብ የለም።

እንግሊዛዊው ሮናልድ ኮዝ ገና በሃያ አንድ ዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞረ አንድ የዋህ የሚመስል ጥያቄ ያብሰለስል ነበር፤ ገበያ ሁሉን የሚያገናኝ ከሆነ ሰዎች ስለምን በአንድ አለቃ ሥር ይሰበሰባሉ? በ1937 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው መልስ ይህ ነው፦ ለየሥራው ሰው መፈለግ፥ ዋጋ መጠየቅ፥ መዋዋል ራሱ ወጪ አለው፤ ድርጅት ያን ወጪ ይቆጥባል። ሠራተኛውም በአንድ ውል ይገባል፤ ውሉ ለአለቃው ትእዛዝ ወሰን ያበጅለታል። በዚህ ዓይን ስናየው የፊታውራሪ ቤትም ድርጅት ነው፤ አዛዥ አለው፥ ታዛዥ አለው። ወሰኑን የሚያውቁት ግን ጌታው ብቻ ናቸው። በዛብህ ከመሸሽ በቀር ምንም መሟገቻ ያጣው ለዚህ ነው።

ገበሬዎቹ ግን ሌላ ናቸው። ፊታውራሪ ከልማዱ በላይ አምጡ ሲሏቸው፥ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ አሉ፤ ተዋጉ፤ ጌታቸውንም ማረኩ። ይህ ኅብረት ከየት መጣ? ከወንፈልና ከደቦ ቢባል ከእውነት የራቀ አይመስለንም። ወንፈል ቀን በቀን ይቆጠራል፤ ዛሬ ለእኔ፥ ነገ ለአንተ። ለደቦ ደግሞ ባለ ሥራው ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ ይጠራል። አልቺያንና ዴምሴትዝ የሚባሉ ሁለት ምሁራን በ1972 (እ.ኤ.አ.) እንደጻፉት፥ በቡድን ሥራ የእያንዳንዱ ድርሻ ስለማይለይ ለግመኛው ይበዛል፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። እውነት ነው! የእኛን የክፍል ቡድን ሥራ ማየት ይበቃል፤ አንዱ ይጽፋል፥ አምስቱ ስማቸውን ያስገባሉ። ጤፍ አረም ላይ በአንድ ረድፍ የተሰለፈ ሰው ግን ወደ ኋላ ቢቀር ጎረቤቱ ያየዋል፤ ነገም ደቦ ሲጠራ ያስታውሰዋል። እዚያ ሁሉም ተቆጣጣሪ ነው።

ቅሬታችን እዚህ ላይ ነው። በአንድ አገር ውስጥ ደራሲው ሦስት ኃይል አቁሞልናል፦ የበዛብህን ትምህርት፥ የጉዱ ካሣን አሳብ፥ የገበሬውን ብዛት። ሦስቱ ግን አንድ ማኅበር አይሆኑም። ካሣ ሁሉን ያያል፤ ብቻውን ስለሚናገር «ጉዱ» ይባላል። ከገበሬው ድል በኋላም መጽሐፉ ወደ ፍቅረኞቹ ያዘነብላል፤ የእነ አበጀ ኅብረት ምን ይሆን የሚለው ዋና ጉዳይ ሆኖ አይቀጥልም።

«ልቦለድ እኮ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ አይደለም» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ልክ ናቸው። ደራሲው ላይ የሌለ ዕዳ አንጭንም። ምናልባትም ያየውን በታማኝነት ጽፏል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣ፥ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ አንገብርም ብሎ ተነሣ። ጦር ዘመተበት፥ በአውሮፕላን ተደበደበ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፥ ውዝፉም ተማረ። ድል ነበር። ሆኖም ለእምቢታ የተሰበሰበው ሰው፥ የሚከለክለው ነገር ሲነሣለት ወደየእርሻው ተመለሰ።

እንግዲህ የእኛ ጥያቄ ይህ ነው፤ ለመከልከል ብቻ ሳይሆን ለመሥራትም መሰብሰብ እንችላለን ወይ? ይህች መጽሔት የምትወጣው አንዱ እየጻፈ፥ አንዱ እያረመ፥ አንዱ የማባዣውን እጀታ እያዞረ ነው፤ የሚከፈለው የለም። ከምረቃ በኋላስ? አስተማሪው፥ ጸሐፊው፥ ሒሳብ የሚያውቀው፥ መሬት ያለው አብረው ቢቆሙ በሩ አንድ ብቻ አይሆንም፤ ውሉ ግን ከመጀመሪያው ይጻፍ፥ ለግመኛውም ይታወቅ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ለበዛብህ ያዝናል። ቢሾሙት ወይም ቢድሩት ኖሮ ብቻ ሳይሆን፥ ባልንጀሮች ቢኖሩትስ ኖሮ? ሁለተኛ ስናነበው ይህንን እንጠይቅ።