ዳይኪቺና የኔታ፦ «ኡሳጊ ድሮፕ» ከዲማ ሲታይ

በዩሚ ኡኒታ ማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) ላይ የተመሠረተው «ኡሳጊ ድሮፕ» እ.ኤ.አ. በ2011 በካንታ ካሜይ አዘጋጅነት በ11 ክፍል የቀረበ አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ነው። ታሪኩ የሚነሣው ከለቅሶ ቤት ነው። የ30 ዓመቱ ላጤ ዳይኪቺ አያቱን ሊቀብር ሲሄድ ሪን የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ያገኛል። ሽማግሌው በስተርጅና የወለዷት ዲቃላ ናት ይባላል። ዘር ለሚቆጥር የጎጃም ሰው ነገሩ ገና ከመነሻው ፈገግ ያሰኛል፤ ሕፃኗ ለዳይኪቺ አክስቱ መሆኗ ነውና! ዘመድ አዝማዱ ማን ይውሰዳት በሚል ሲነታረክ ሪን ሟቹ የሚወዱትን አበባ ከግቢው ቀጥፋ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ታኖራለች። በዘመዶቹ የተናደደው ዳይኪቺም አብራው እንድትሄድ ይጠይቃታል።

የሙት ልጅ በአያትና በአክስት ቤት ሲያድግ ላየ ሰው የዳይኪቺ ደግነት ብርቅ አይደለም። ይልቅ የዘመዶቹ ሐፍረት ቅርባችን ነው። «ዲቃላ» የሚለውን ስድብ የምናውቅ እኛ በእነዚያ ሰዎች ላይ ለመፍረድ ብዙም አፍ የለንም።

የሥራው ብልኀት ግን ከዚያ በኋላ ነው። አዘጋጁ ስለ ፍቅር ከመስበክ ይልቅ ሰዓት ይቆጥራል። ዳይኪቺ ጠዋት ልጅቷን ይዞ ወደ ሕፃናት መዋያ ይሮጣል፤ ከዚያ ለባቡር ይጋፋል፤ ማታ ሥራው ያስመሸዋል። ሌሊት ፍራሽ ይረጥባል። በመጨረሻ ትርፍ ሰዓት ወደሌለበት የሥራ ክፍል መዛወርን ይመርጣል። አባትነቱን ያመንኩት የሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ቢቸና አካባቢ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ሀዲስ ዓለማየሁ የተማሩበትና በ«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958) በዛብህን የላኩበት የቅኔ አገር፣ ሳይወልዱ ማሳደግን በሌላ መልክ ያውቀዋል። ከቤቱ ኮብልሎ ወይም ወላጅ ሞቶበት የመጣ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ የኔታ ደጅ ይቆማል። የኔታ መነኩሴ ቢሆኑ እንኳ አባቱ ይሆናሉ፤ ይገሥጹታል፣ ቅኔ ይነግሩታል፣ ያርሙታል። ፍራሽ ግን አያጥቡም፣ እራትም አይሠሩም። ታናሹን ታላቁ ያስጠናዋል፤ ቁራሹን የመንደሩ እናቶች ይሰጡታል፤ ውሻ ሲያባርረው ከሌላው ተማሪ ጋር ይሮጣል። የማሳደጉ ሸክም ለብዙ ትከሻ ተከፍሏል፤ ጭካኔው ደግሞ ሌላ ነው፤ ረሃብም ዱላም አለበት። ዳይኪቺ ያጣው ይህን መንደር ነው። በቀስታ መንደር ሲያበጅ እናያለን፦ የሪን ጓደኛ ኮኪ፣ ብቻዋን የምታሳድገው እናቱ፣ በሥራ ቦታ ያሉ ወላጆች። ተከታታዩን ስለ አባትነት ብቻ አድርጎ ማንበብ ይህን ግማሹን መጣል ይመስለኛል።

አኒሜው ከማንጋው የመጀመሪያ አራት ቅጾች አለማለፉ በጀው። ከዚያ ወዲያ አሥር ዓመት ተዘልሎ ያደገችው ሪን አሳዳጊዋን ታፈቅራለች፤ የሥጋ ዝምድና እንደሌላቸውም ተገልጦ መንገዱ ይጠረግላቸዋል። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ በሚጋባ አገር፣ በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ በሚቆጠርበት፣ ይህ ፍጻሜ የሚዋጥ አይደለም። ባህሉን ትተን በድርሰትነቱ ብቻ ብንመዝነው እንኳ ያን ሁሉ የፍራሽና የባቡር ድካም ወደ እጮኝነት ዝግጅት ያወርደዋል። ማንጋውን ሊያነብ የተነሣ ሰው አራተኛው ቅጽ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል።