የተረፈው ወንበር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በአሜሪካ የእንደራሴዎች ወንበር ለየግዛቱ የሚታደለው በሕዝቡ ቁጥር ልክ ነው። ነገር ግን ለአንዱ ግዛት ሰባት ተኩል ቢደርሰው፣ ግማሹን እንደራሴ ማን ይልካል? በጥንቱ የሃሚልተን ደንብ፣ የተረፈው ወንበር ስባሪው ለሚበልጠው ግዛት ይሰጥ ነበር።

እኔ ይህን ደንብ እነቅፈዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1880 ቆጠራ በኋላ ሲሰላ፣ ምክር ቤቱ 299 ወንበር ቢኖረው አላባማ 8 ታገኛለች፤ 300 ቢሆን ግን 7 ብቻ! ሕዝብዋ አልጎደለም፤ ማዕዱም ሰፋ እንጂ አልጠበበም። ወንበር ሲጨመር የትልልቆቹ የኢሊኖይና የቴክሳስ ስባሪ ከእርስዋ ይልቅ ፈጥኖ አደገና ቀደሟት። ደንቡ ስባሪን ከስባሪ እንጂ ሕዝብን ከሕዝብ አያመዛዝንም፤ በደሉም ያለ በዳይ ስለ ሆነ የሚከሰስ ሰው እንኳ የለበትም።

በ1941 የጸናው ስሌት ይህን ጉድ አስቀርቶአል። ቢሆንም በ2020 ቆጠራ ኒውዮርክ በ89 ሰው ጉድለት አንድ ወንበር አጥታለች።