ከራዲያተር ጥገና በኋላ ጌጁ ሲጨምር

ራዲያተሩ ወይም የውሃ ፓምፑ ተቀይሮ የወጣ መኪና በማግስቱ ሲመለስ ባለቤቱ ገና ከበሩ «ድሮ እዚህ አይደርስም ነበር፤ አሁን ጌጁ ጨምሯል» ይላል። እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ድሮው ነው፤ ቴርሞስታት ነበራት ወይ?

እዚህ አዲስ አበባ ሂት የሠራ መኪና ሲመጣ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። ውሃው ያለማቋረጥ በራዲያተሩ ስለሚዞር ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቀስቱም ከታች ይቀራል፤ ሾፌሩ ደስ ይለዋል። መኪናዋ ነዳጅ እየበላች፣ ሞተሩም ያለጊዜው እያለቀ መሆኑን ግን ጌጁ አይነግረውም። በ82 ዲግሪ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ቦታው ሲመለስ ቀስቱ ወደ መሐል ይወጣል፤ ይህ የሞተሩ ትክክለኛ ሙቀት ነው። ነገሩን ማስረዳት አንዳንዴ ከጥገናው የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ቢፈጅም ማስረዳት አለብን ባይ ነኝ፤ አለዚያ ሌላ ጋራዥ ሄዶ መልሶ ያስወጣዋል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የውሃውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ከወጣ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተር ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ቀዝቃዛ የነበረች መኪና ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጣ የምትፈላበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሚዋልል ቀስት ነው። አንድ አዛውንት ራዲያተሯ ሌላ ቦታ የተቀየረላትን ኮሮላ ይዘው መጡ። ቀስቱ ቀዩ ጋ ሊደርስ ሲል ድንገት ይወርዳል፣ ከዚያ ደግሞ ይወጣል።

«ጋሼ፣ እስቲ ሂተሩን ሙሉ ይክፈቱት» አልኳቸው።

«ከፍቼዋለሁ ልጄ፤ ብርድ ነው የሚነፍሰው።»

ሞተሩ ግሎ ሂተሩ ብርድ ከነፈሰ ውሃው እዚያ አልደረሰም ማለት ነው። የላይኛውን ቱቦ ያዝኩት፤ ለብ ብሏል። ትንሽ ቆይቶ በአንድ ጊዜ እጅ የማያስነካ ሆነ፣ ቀስቱም ወረደ። አየር ታምቋል። የቴርሞስታቱ ሰም ውሃ ሳይነካው ስለቆየ ዘግይቶ ተከፈተ፤ ሴንሰሩም አንዴ እንፋሎት፣ አንዴ ውሃ ያነብ ነበር። ጌጅ የሚናገረው የሴንሰሩ ጫፍ የነካውን ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው ጨርሶ ካለቀ ሞተሩ እየነደደ ቀስቱ ዝቅ ሊል ይችላል።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። አፍንጫዋን ወደ ዳገት አቁመን፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርገን ኩላንቱን በቀስታ ሞላን። ቱቦውን ጨመቅ ለቀቅ ስናደርገው አየሩ እየተንቦቀቦቀ ወጣ፣ ውሃውም ጎደለ፤ ደግመን ሞላን። ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ ድረስ ቁልፍ አላስረከብኩም።

ክዳኑንም ቀየርኩት፣ ጎማው ደርቆ ነበርና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ደግሞ 95 አካባቢ ነው። 0.9 የተጻፈበት ደህና ክዳን ግፊቱን ይዞ መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል፤ ግፊት የማይይዝ ክዳን ካለ ግን ቀስቱ ገና መሐል ሳለ ውሃው ይፈላል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ጌጁ አሁንም ካልተስማማኝ ወደ ሴንሰሩ እሄዳለሁ። ባለ አንድ ሽቦው ኔጌቲቭ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ስለሆነ፣ ሲገጠም ቴፍሎን ከተጠቀለለበት ዝቅ አድርጎ ያነባል። የቶዮታ ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ላይ ከ0.2 እስከ 0.4 መስጠት አለበት። ስካነር ከዜሮ በታች 40 ካሳየ ሽቦው ተነቅሏል ወይም ተቆርጧል። ስካነሩም ጌጁም የተለያየ ካሉ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ሴንሰሩ የተሰካበትን ብረት እለካለሁ። ሳይለኩ ዕቃ መግዛት የደንበኛን ገንዘብ መበተን ነው።

አየሩ ወጥቶ አልቆ አረፋው በማግስቱ ከተመለሰ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ቱቦው ተወጥሮ ካገኘሁት ግን የቴስታውን ጓርኒሲዮን እጠረጥራለሁ። ያን ጊዜ ባለቤቱን ጠርቼ ክዳኑ ጋ የሚወጣውን አረፋ በዓይኑ አሳየዋለሁ፤ ቴስታው የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው።